የታሰረ ልጅ ታሪክ ለልጅ አይነበብም? ለመምህሩ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ስማቸውን አላነሳም። እርሳቸውም የእኔን አላነሱም፤ «አንድ መጽሐፍ አዋሽ» ብለው አልፈውኛል። ጨዋነታቸው ደስ ብሎኛል። ያው ሰፈሩ ሁሉ እኔ መሆኔን አውቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አራዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለታዳጊዎች መጽሐፍ አውሳለሁ። ደንበኞቼ 11 ናቸው፤ ዝናብ ከሌለ 14 ይደርሳሉ። ተማሪ አለ፣ ሊስትሮ አለ፣ የታክሲ ረዳት አለ። ባለፉት ወራት ፍርድ ቤትና እስር ቤት ስለገቡ ልጆች የተጻፉ ሁለት የአሜሪካ ልብ ወለዶችን ከእንግሊዝኛው እያየሁ በአማርኛ ተርኬላቸዋለሁ። መምህሩ ይህን ሰሙና ተቆጡ።

ክሳቸው ሲጠቀለል አምስት ነው። መጽሐፎቹ ወንጀል ያስተምራሉ። ጉዳዩ የአሜሪካ ነው፣ እኛን አይመለከትም። የእኛ ሕግ ልጆችን ስለሚጠብቅ የሚጻፍ ነገር የለም። የልጅ ገመና አደባባይ አይወጣም። ታዳጊ ማንበብ ያለበት የአርአያ ሰዎችን ታሪክ ነው። አምስቱንም እመልሳለሁ፤ እኩል ቦታ ግን አልሰጣቸውም።

በመጀመሪያው ልጀምር። መምህሩ መጽሐፎቹን እንዳላነበቧቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ አንዱን ባጭሩ ልንገራቸው። ዋልተር ዲን ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው «ሞንስተር» ነው። አሜሪካ ውስጥ ለታዳጊ መጻሕፍት የሚሰጠውን የፕሪንትዝ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደውም እሱ ነው። ስቲቭ ሃርመን የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ የኒውዮርክ፣ የሃርለም ልጅ። አንድ መድኃኒት ቤት ይዘረፍና ባለቤቱ በራሱ ሽጉጥ ይገደላል። ስቲቭ ቀድሞ ገብቶ ሱቁ ባዶ መሆኑን አይቷል ተብሎ ከዘራፊዎቹ ጋር በግድያ ይከሰሳል። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊልም ይማራል። ስለዚህ ችሎቱን እንደ ፊልም ድርሰት አድርጎ ይጽፈዋል፤ በመሃል በመሃል ደግሞ ማስታወሻውን እናነባለን።

ዝርፊያው ራሱ ስንት ገጽ ይፈጃል? በጣም ጥቂት። የቀረው መጽሐፍ መጠበቅ ነው። ቀጠሮ መጠበቅ፣ እናት መጠበቅ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ መጠበቅ። ሰው እያየህ ሽንት ቤት መቀመጥ። ዐቃቤ ሕጓ «ሞንስተር» ብላ ስትሰድብህ ከወንበርህ አለመነቃነቅ። ርዕሱ የመጣው ከዚያ ስድብ ነው፤ ለእኔ ደግሞ አተረጓጎሙ አስቸግሮኝ ነበር። «ጭራቅ» ብዬ ብጀምር ልጆቹ ሳቁ። ጭራቅ የተረት ነው፤ ሕፃን ማስፈራሪያ። ሊስትሮው «አውሬ በለው። እኛን የሚሉን አውሬ ነው» አለኝ። አውሬ ሆኖ ቀረ።

አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ስቲቭ በመጨረሻ በነጻ ይለቀቃል። ደስታው ገንፍሎ ጠበቃውን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ፊቷን ታዞርበታለች። ልጁ ያን ፊት ማዞር ሊረሳው አልቻለም። መድኃኒት ቤቱ ገብቶ ነበር ወይስ አልገባም? ደራሲው ቁርጡን አይነግረንም። እኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭቅጭቅ ሆነ። ረዳቱ «ገብቷል ባይ ነኝ» አለ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቢገባስ? የገባ ሁሉ ገዳይ ነው?» ብላ አፋጠጠችው። እኔ ዝም ብዬ ሻይ ቀዳሁ።

ስርቆት መማር የፈለገ ልጅ ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የለውም። ስልኩ አለለት፤ እዚያ ላይ በግማሽ ደቂቃ ያገኘዋል።

በአንድ ነገር ግን መምህሩ ልክ ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ለ12 ዓመት ልጅ ጮክ ብዬ የማላነበው ገጽ አለ። እስር ቤት ውስጥ ደካማው ልጅ ላይ ምን እንደሚደርስ በግልጽ የተጻፈበት ቦታ ነው። ስተርክ ዘልዬዋለሁ፤ ትልልቆቹ ሲጠይቁኝ ለብቻ ነግሬያቸዋለሁ። ከመደርደሪያዬ ያወጣሁትም መጽሐፍ አለ። ጠበቃ እንደ መላእክት ከሰማይ የሚወርድበት፣ ልጁ መጨረሻ ላይ አልቅሶ «ተለወጥኩ» የሚልበት ዓይነት ነበር። ልጆቹ አምስተኛው ገጽ ላይ ነው ያዛጉት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው» ይላሉ። ይህን ሌላ ሰው ቢጽፈው ዝም እል ነበር። የአማርኛ መምህር፣ ያውም ጎንደሬ ሲጽፈው ግን ይገርማል። «ወህኒ» የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? ከከተማችን በስተደቡብ ምሥራቅ ወህኒ የምትባል አምባ አለች። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይጋዙ ነበር። ወህኒ ቤት የምንለው ከእሷ ወርሰን ነው። ዐፄ በካፋ እንኳ በ1713 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት እዚያ ታስረው ያውቃሉ። የእነዚያ ታሳሪዎች ጥፋት ከንጉሥ መወለድ ነበር። በጥምቀት ለእንግዳ ግንቡንና መዋኛውን ስናስጎበኝ ወህኒ አምባን አናነሳትም። አንድ ሰው ተነስቶ አምባዋ ላይ ስላደገ የ13 ዓመት ልጅ ልብ ወለድ ቢጽፍ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

ደግሞስ የእርሳቸው ትውልድ «መከረኞቹ»ን አላነበበም? ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወደ አማርኛ የመለሱት የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ነው። ዳቦ ሰርቆ 19 ዓመት የታሰረ ሰው አለበት፤ ጋቭሮሽ የሚባል የፓሪስ ጎዳና ልጅ አለበት። «ይህ የፈረንሳይ ጣጣ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ቆየት ልበል። «የእኛ ሕግ ልጆችን ይጠብቃል፤ ስለዚህ የሚጻፍ ነገር የለም» ነው የሚሉት።

ሕጉ ጥሩ ጎን አለው፤ አልክድም። በወንጀል ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996፣ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ይባላል። ለእሱ የተለየ መንገድ አለ፤ ወቀሳና ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ማረሚያ ተቋም መግባት። ከአዋቂ ጋር አይታሰርም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ይህንኑ ይላል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ መግረፍ ራሱ ሕጋዊ ቅጣት ነበር፤ አዲሱ አውጥቶታል። እሰየው።

መምህሩ ያላዩት ግን 15 ዓመት ላይ ያለውን ገደል ነው። ልጁ 15 ካለፈው በኋላ 18 እስኪሞላው የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ማለት ነው። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞትም አይፈረድበትም። ያ ለትናንሾቹ የተዘረጋው ልዩ መንገድ ግን በመብት የእሱ አይደለም። ስቲቭ ሃርመን እዚህ ቢወለድ 16 ዓመቱ ነው፤ ከገደሉ ወዲያ ማዶ ይገኝ ነበር። የመነሻው 9 ዓመትም ቢሆን ለጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ቢያንስ 14 እንዲያደርጉት መክሯል።

ማረሚያ ተቋሙስ የት ነው? ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ተብሎ ሲጠቀስ የኖረው አዲስ አበባ፣ ልደታ ያለው ነው። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የደንቢያ ገበሬ ልጁን ሊጠይቅ ስንት ጊዜ ይመላለስ?

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዕድሜው ራሱ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቁጥሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት ግን ብዙ ልጅ የለውም። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ 15 የሞላው ልጅ ሲወለድ ገና አልተጀመረም ነበር። ወረቀት ከሌለ ያለው ምን ነው? የክርስትና ካርድ፣ የእናት ምስክርነት፣ ወይም ሐኪም አጥንት አይቶ የሚሰጠው ግምት።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። 1998 ዓ.ም. ላይ 14 ዓመቴ ነበር። ከሰፈራችን አንድ ጎረምሳ ብስክሌት በሰዓት ተከራየ። ከኋላ አፈናጠጠኝ፤ አዘዞ ድረስ ሄደን ተመለስን። ሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። በማግሥቱ ልጁ ብስክሌቱን ሸጦ ጠፋ፤ እኔ ተያዝኩ። የገባሁበት ጣቢያ የቱ እንደሆነ ይቅር። መዝጋቢው «ዕድሜ?» ሲለኝ ከጎኔ ትልልቅ ልጆች ቆመው ነበር። «17» አልኩ።

ለምን? አፍሬ። ሕፃን እንዳይሉኝ። በአንድ ቃል ራሴን ከገደሉ ማዶ ጣልኩት፤ ገደል መኖሩንም አላውቅም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያው አቅራቢያው ወዳለ ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እኔ ሁለት ሌሊት ከአዋቂዎች ጋር አደርኩ። ክፉ አልነበሩም፤ አንዱ ዳቦውን አካፍሎኛል፤ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ስለ በቅሎ ሲያወራኝ አደረ። እናቴ የክርስትና አባቴ ቤት ካርዴን ስትፈልግ ነው ሁለቱ ቀን ያለቀው። ይዛ ስትመጣ መዝጋቢው ወደ እኔ ዞሮ «17 ያልከኝ አንተ ነህ» አለ። እውነቱን ነው።

ሕግ አዋቂ ወዳጄን ይህን ስነግረው «ይኼማ የታወቀ ነው» ብሎ ሳቀ። ወንድ ልጅ 14 ዓመት ላይ ዕድሜውን ወደ ላይ እንደሚዋሽ የትኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል? የትኛውም ላይ። ልብ ወለድ ላይ ግን ይጻፋል። የ14 ዓመት ልጅ ቢያነበው አንድ ቀን ያ ጥያቄ ሲመጣበት ምናልባት ትዝ ይለዋል።

ሕግ ደግ መሆኑ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያውቁታል። የመጀመሪያውን የልጆች ፍርድ ቤት ቺካጎ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሐሳቡ ዳኛው እንደ አባት እንዲሆን ነበር። አባት ደግሞ ልጁን ሲቀጣ ጠበቃ አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ1964 አሪዞና ውስጥ ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ስልክ ደውሎ የብልግና ቃል ተናገረ ተብሎ ጠበቃ ሳይቆምለት 21 ዓመት እስኪሞላው ተቋም እንዲቆይ ተወሰነበት። ትልቅ ሰው ቢሆን ቅጣቱ እስከ 50 ዶላር ወይም እስከ ሁለት ወር እስራት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሻረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

አራተኛው፣ «የልጅ ገመና አደባባይ አይወጣም»። መምህሩን እጅግ የማከብረው እዚህ ላይ ነው፤ የምንለያየውም እዚሁ ላይ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣት ጥፋተኛ ጉዳይ የሚታየው ዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። እንደ ወላጅ፣ ምስክርና ባለሙያ ያለ ካልሆነ ማንም አይገባም። ልክ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ስህተት ስሙ ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ መወርወር የለበትም።

ችግሩ ችሎቱ ሲዘጋ የሰፈሩ አፍ አይዘጋም። እኔ ወደ ክፍሌ ስመለስ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ቦታ ቀይሮ ነበር፤ እናቱ ነች ያለችው። ምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ አልነገርኩም። ከውጭ ያለነው የምንሰማው «የእገሌ ልጅ ታሰረ» የሚለውን ነው። ልጁ እዚያ በር ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንደፈራ፣ ለምን እንደዋሸ አንሰማም። መስማትም የለብንም፤ እውነተኛ ልጅ ነውና። ታዲያ በየት በኩል እንግባ? የፈጠራ ልጅ ይዘን ነዋ። ስቲቭ ሃርመን ከመጽሐፉ ውጭ እናት የለችውም፣ ጎረቤት የለውም፣ ነገ ገበያ ላይ ማንም አይጠቁመውም። ገመናው ሁሉ ቢነበብ የሚያፍር ቤተሰብ የለም። መምህሩ የልጅን ስም ለመጠበቅ ልብ ወለዱን ይከለክላሉ። እኔ የልጅን ስም ለመጠበቅ ነው የማነበው።

ሁለተኛው መጽሐፋችን ይህን ያሳያል። ዩሴፍ ሰላም የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1989፣ በ15 ዓመቱ፣ ከአራት ልጆች ጋር ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለተፈጸመ ጥቃት ተከሰሰ። የልጆቹ ስምና ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወደ ሰባት ዓመት ታሰረ። ፍርዱ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ አድራጊው ሌላ ሰው ነበር። ይህ ሰው ኢቢ ዞቦይ ከምትባል ደራሲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 የታዳጊ ልብ ወለድ አሳተመ። ስሙን ዓለም ያወቀው፣ ምንም የሚደብቀው የሌለው ሰው፣ እንደገና የፈጠራ ልጅ መረጠ። የልጁ ስም አማል ነው፤ በዓረብኛ ተስፋ ማለት ነው።

ታሪኩ በሙሉ በግጥም ነው የተጻፈው። መምህሩ በዚህም «ፋሽን ነው» ብለው አሹፈዋል። አዝማሪ ባደገበት ከተማ! ፊት ለፊት የማይባለውን በግጥም መባል እኛ አዲስ አልሆነብንም። ልጆቹም አልከበዳቸውም። እንዲያውም ረዳቱ፣ ያ «ገብቷል ባይ ነኝ» ያለው፣ አንዱን ግጥም በራሱ ቤት መታው። ከእኔ ትርጉም በጣም ይሻላል፤ ያናድዳል።

አምስተኛው ላይ አልቆይም። አርአያ ይነበብ፤ ማን ጠላ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። መምህሩ በጽሑፋቸው የቆሎ ተማሪን ሕይወት አወድሰዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። የቆሎ ተማሪ ጨዋታ ሲነሳ ከሰው ማሳ እሸት የተቀጠፈበት፣ ከሰው ጓሮ ዱባ የተነሳበት ታሪክ ስንት ነው? ቁጭ ብለን እንስቃለን። ራበው እንላለን፤ ከቤቱ የወጣ ልጅ ነው እንላለን፤ ነገ መሪጌታ ይሆናል እንላለን። ያንኑ ዱባ ሊስትሮው ሲያነሳው ግን ሌባ ነው። ሁለቱም ከገጠር የመጡ የ12 ዓመት ልጆች ናቸው። አንዱ ተረት አለው፣ ሌላው የለውም። እኔ ሊስትሮውም ተረት ይኑረው ባይ ነኝ።

መምህር፣ አሁን ለእርስዎ ነው። «አውሬ»ን በደብተር በእጄ ገልብጨዋለሁ፤ ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር ሆኗል። አማርኛው ብዙ ቦታ ያነክሳል፤ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርመው ሰው እፈልጋለሁ። በእርስዎ እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ ቀይ እስክሪብቶዎን ያወራል። አሁን ላምጣልዎ እንዳልል አንደኛው ደብተር ሊስትሮው ጋ ነው፤ ከወሰደው ሦስት ሳምንት አለፈው። ባገኘሁት ቁጥር «ገና ነኝ» ይለኛል። ትናንት ፒያሳ አየሁት፤ ደብተሩን ከቀለሙ ሣጥን ሥር አንጥፎ ለሌላ ሊስትሮ ያነብለታል። እንደመለሰልኝ ቤትዎ ድረስ ይዤ እመጣለሁ።